ድንጋዩን ሳትሰብሩ «ባዶ ነው» አትበሉ

«እንደ ድንጋይ የሞተ ልብ» ሲባል ከመድረክ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላስታውስም። የደነደነ ሰውን ማስረዳት ስንፈልግ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ድንጋይ ነው። ምሳሌው አሮጌ ነው፤ ነቢያትም ተጠቅመውበታል፤ ከእርሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ያልመረመርነውን ነገር «ይህን ሳይንስም አረጋግጦታል» የሚል ማኅተም እየመታን ከምናወጣው ከእኛ ጋር ነው። እኛ ስል አስተማሪዎችን፣ የኅብረት መሪዎችን፣ የቴሌግራም ቻናል የሚያስተዳድሩትን፣ «ሼር» ለማድረግ ጣታችሁ የሚፈጥነውን እናንተንም ማለቴ ነው።

ከራሴ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2019 መገባደጃ ላይ «በምድር ላይ ሕይወት የሌለበት ቦታ ተገኘ፤ ያውም በኢትዮጵያ» የሚል ዜና በየስልካችን ዞረ። ቦታው ዳሎል ነው፤ በአፋር፣ ከባሕር ወለል በታች። ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎቹን በፎቶ ያላየ ከመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። በዚያ ሳምንት ወጣቶችን የማስተምርበት ተራዬ ነበር። ርእሴ ከእግዚአብሔር ስለ መለየት ነበርና ዜናው እንደ መና ወረደልኝ። «ሳይንቲስቶች ፈልገው ፈልገው አንዲት ሕያው ነገር አጡ። ያለ እግዚአብሔር የሚኖር ሰው ዳሎል ነው» አልኩ። አዳራሹ በአሜን ተናወጠ። ማታውኑ ፎቶ ጨምሬ በቻናላችን ለጠፍኩት፤ ከለጠፍኳቸው ሁሉ ብዙ ሰው ያየው እርሱ ሆነ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ አንዲት የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቲቸር፣ ጥናቱ እኮ እንደዚያ አይልም» አለችኝ። ስልኳ ላይ የከፈተችውን ወረቀት ልታሳየኝ እጇን ዘረጋች። እኔ ስልኩን አላየሁም። «እህቴ፣ ዋናው መልእክቱ ነው። በዝርዝር ነገር ለጠላት በር አትክፈቺ» አልኳት። ምንም አልመለሰችም። ከዚያ በኋላ ከኋላ ወንበር መቀመጥ ጀመረች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ መምጣት ተወች። ምክንያቱ እኔ ብቻ ነኝ አልልም። እኔ አይደለሁም ማለት ግን አልችልም።

ወረቀቱን ያነበብኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ምን እንደሚል ልንገራችሁ። ጆዲ ቤሊላ፣ ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ-ጋርሲያና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ያወጡት ጥናት በዳሎል አካባቢ ካሉ ልዩ ልዩ ውሃዎችና ጨዎች የተወሰዱ ናሙናዎችን መርምሯል። እጅግ አሲዳማና እጅግ ጨዋማ በሆኑት የዳሎል ኩሬዎች፣ እንዲሁም ማግኒዥየም በበዛባቸው ጥቁርና ቢጫ በሚባሉት ሐይቆች ውስጥ ሕይወት አላገኙም። በዙሪያው ግን፣ ጨውነቱ በበረታ ነገር ግን አሲዱ ባልከፋበት ውሃ ውስጥ፣ አርኬያ የሚባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን በብዙ ዓይነት ሞልተው አገኙ። የጽሑፉ ርእስ ራሱ የሚጀምረው ስለነዚህ ተሕዋስያን የዓይነት ብዛት በመናገር ነው! እኔ «አንዲት ሕያው ነገር አጡ» ያልኩበት ጥናት ርእሱ የሚናገረው ስለ ብዛት ነበር። ርእሱን እንኳ ሳላነብ ነው የጮኽኩት።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የስፔኑ ፈሊፔ ጎሜዝና ባልደረቦቹ ሌላ ጥናት አውጥተው ነበር። እነርሱ ናሙና የወሰዱት ከዳሎል የጨው ጭስ ማውጫ ግድግዳ ጭምር ነው፤ ይህም ከምድር የሚወጣው የጋለ ውሃ ጨውን እያጋገረ የሚሠራው ቧንቧ መሰል ክምር ነው። በማዕድኑ ንብርብር ውስጥ እንደ ተቀበሩ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ፣ ከአማካይ ባክቴሪያ እስከ 20 ጊዜ የሚያንሱ ቅርጾችን አየን፤ እነዚህም ናኖሃሎአርኬያ ከሚባሉት ወገን ናቸው አሉ። የቤሊላ ቡድን ደግሞ በመልሱ ከባድ ጥያቄ አነሣ። በዳሎል ውሃ ውስጥ ሲሊካ የበዛባቸው ጥቃቅን የማዕድን እንክብሎች አሉ፤ በማይክሮስኮፕ ስታዩአቸው ሴል ይመስላሉ፤ ሕይወት ግን የላቸውም። ከውጭ የገባ ብክለትም ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ መልክ ብቻውን ምስክር አይሆንም ነው የሚሉት።

እንግዲህ እዩት። አንዱ ቡድን በጠንካራው ጨው ውስጥ ሕይወት አለ ይላል፤ ሌላው ሕይወት የሚመስል ድንጋይ ነው ይላል። ሁለቱም የት ቦታ፣ ከምን ዓይነት ናሙና፣ በምን መሣሪያ እንዳዩ በዝርዝር ይጽፋሉ። እኔስ? የት እንዳየሁ ብትጠይቁኝ መልሴ «ፌስቡክ ላይ» ነበር።

ደግሞ ይህን ስታነቡ ወደ ሌላው ጥግ እንዳትሮጡ። አንዳንዶቻችሁን አውቃችኋለሁ፤ «እንግዲያው እግዚአብሔር በዳሎል ድንጋይ ውስጥ እንኳ ሕይወት አኖረ፣ ሃሌ ሉያ» የሚል ፖስት በአእምሮአችሁ እየተዘጋጀ ነው። ቆዩ። እርሱም ያው የእኔ ስሕተት ነው፤ ልብሱን ብቻ ለወጠ።

ሁለቱን ወገኖች ለመዳኘት ለእኔ ዓቅሙ የለኝም። በድንጋይ ጉዳይ ግን «ባዶ ነው» ብሎ መቸኮል ምን ያህል እንደሚያሳፍር ከዳሎል በፊት የተፈጸመ አንድ ታሪክ ያስተምራል፤ እርሱን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

በአንታርክቲካ የማክመርዶ ደረቅ ሸለቆዎች የሚባሉ ቦታዎች አሉ። ዝናብ የለም፤ የሚወርደው ጥቂት በረዶም አብዛኛው ሳይቀልጥ በነፋስ ይጠፋል። እንግሊዛዊው አሳሽ ሮበርት ስኮት እ.ኤ.አ. በ1903 እዚያ ሲደርስ አንድም ሕያው ነገር እንዳላየ፣ በድንጋይ ላይ እንደ ሽበት የሚበቅለውን ላይከን እንኳ እንዳላገኘ ጻፈ። ከ60 ዓመታት በኋላ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ወደ ማርስ ለሚላከው መሣሪያ ልምምድ እንዲሆን የዚያን ሸለቆ አፈር መረመሩ። ከእነርሱ ጥቂቶቹ፣ ኖርማን ሆሮዊትዝን ጨምሮ፣ ከአፈሩ ናሙናዎች አንዳንዱ ምንም ነገር የማይኖርበት ነው ብለው ደመደሙ። ከእነርሱ ጋር ያልተስማማ ቮልፍ ቪሽኒያክ የሚባል ሰው ነበር። እርሱ ቫይኪንግ የተባሉት መንኮራኩሮች ይዘውት እንዲሄዱ በማርስ ሕይወትን የሚፈልግ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ መሣሪያው ከጉዞው ተቀነሰበት። የብዙ ዓመት ሥራው እንዲያ ሲቀርበት አኩርፎ ቤቱ አልተቀመጠም። አፈሩ በእርግጥ የሞተ መሆን አለመሆኑን በዓይኑ ለማየት ወደ አንታርክቲካ ሄደ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1973 ከዚያ ተራራ ላይ ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 51 ነበር።

ቪሽኒያክ የሰበሰባቸው ድንጋዮች ወደ ሚስቱ ተመለሱ። እርስዋም ኢምሬ ፍሪድማን ለሚባል ሰው ላከችለት። ፍሪድማን በሃንጋሪ የተወለደ፣ ቀደም ሲል በእስራኤል በነጌብ በረሃ ድንጋይ ውስጥ የሚኖሩ አልጌዎችን ያጠና ነው። ብዙዎች የሚፈልጉት አፈሩ ውስጥ ነበር፤ እርሱ ግን ድንጋዩን ሰበረው። ከፊቱ ቅርፊት ሥር፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ውስጥ፣ እንደ ጨርቅ ጥለት የተደረደሩ ቀለማት ታዩ፤ ጥቁር፣ ከሥሩ ነጭ፣ ከሥሩ አረንጓዴ። እርሱና ባለቤቱ ሮዜሊ ኦካምፖ-ፍሪድማን ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1976 አሳተሙ፤ ቫይኪንግ ማርስ ላይ ባረፈበት በዚያው ዓመት።

እንዴት ይኖራሉ ብትሉ ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። ድንጋዩ የአሸዋ ድንጋይ ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ክፍተት አለ፤ ቅንጣቶቹም ኳርትዝ ስለሆኑ ጥቂት ብርሃን ያሳልፋሉ። በበጋ ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ ፊት፣ አየሩ ከዜሮ በታች ሆኖም እንኳ፣ ይሞቃል፤ በላዩ ያረፈው በረዶ ቀልጦ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ያችን ብርሃን፣ ያችን ሙቀትና ያችን ጠብታ ይዘው ይኖራሉ። ውጭ ያለው ነፋስና ብርድ አያገኛቸውም። ድንጋዩ መቃብራቸው ሳይሆን ቤታቸው ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አፈሩን የመረመሩት ሰዎች ውሸታሞች አልነበሩም። ያዩትን ነው የጻፉት። አፈሩን አይቶ «በዚህ አፈር አላገኘንም» ማለት እውነት ነው። አፈሩን አይቶ «ሸለቆው የሞተ ነው» ማለት ግን ያላዩትን መመስከር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከእግራቸው አጠገብ እንደ ወደቀው ድንጋይ ቅርብ ነበር። የእኛ ስብከት ሁሌ የሚሰናከለው በዚያ ርቀት ላይ ነው። «በእነዚህ ኩሬዎች» የሚለውን ሁለት ቃል እንኳ ሳንሞላ ዘልለን «በዳሎል» እንላለን፤ ከዚያ «በምድር» እንላለን፤ ከዚያ «ሳይንስ አረጋገጠ» እንላለን።

ሩቅ አገር ሆነባችሁ? እንግዲያው ወጥ ቤት ግቡ። በክረምት ጨው በዕቃው ውስጥ ረጥቦ ሲያያዝ አይታችኋል። ጨው ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ መርጠብ ይጀምራል። በቺሊ የአታካማ በረሃ ከምድር ሁሉ እጅግ ደረቅ ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ነው። በ2006 ያሴክ ቪየርዝኾስና ባልደረቦቹ በዚያ በረሃ ድፍን የጨው ድንጋይ ውስጥ፣ እንደ ተክል በብርሃን የሚኖሩ ሳይኖባክቴሪያዎች እንዳሉ አሳዩ። ዝናብ ለዓመታት ላይዘንብ ይችላል፤ ጨዉ ግን ከሌሊቱ አየር ጠብታ ይሰበስብላቸዋል። እናታችሁን ክረምት ላይ የምታማርራት ያች የጨው ጠባይ እዚያ የሕይወት ገመድ ሆናለች። አንድ አስተማሪ ምሳሌ ቢፈልግ ይህ ይበቃው ነበር፤ ማንም ቤቱ ሄዶ ሊያየው ይችላል።

ወደ ጥልቅ ስንወርድማ ብርሃኑም ይቀራል። በደቡብ አፍሪካ በምፖኔንግ የወርቅ ማዕድን ማውጫ፣ 2.8 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ከዐለት ስንጥቅ በወጣ ውሃ ውስጥ አንድ የባክቴሪያ ዓይነት ብቻውን ተገኘ፤ በውሃው ካሉት ተሕዋስያን ከ99.9 በመቶ በላይ እርሱ ነው። ጥናቱ በ2008 ወጣ። ፀሐይ አያውቅም። በዐለቱ ያለው ዩራኒየም ጨረር ውሃውን ሲሰነጥቅ ሃይድሮጂን ይወጣል፤ እርሱን ከሰልፌት ጋር አዋሕዶ ይኖራል። በ2018 ዓመት ማብቂያ የጥልቅ ካርቦን ጥናት ኅብረት አባላት በምድር ጥልቀት ያሉትን ሕያዋን ገምተው በካርቦን መጠን ከ15 እስከ 23 ቢሊዮን ቶን እንደሚደርሱ ተናግረዋል፤ ይህም የሰው ልጆች ሁሉ ተደምረው ካላቸው ካርቦን በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ከእግራችን በታች ያለው «የሞተ ድንጋይ» ይህ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ። ይህን ሐሳብ ለአንዳንድ አገልጋዮች ባነሣሁበት ጊዜ የመለሱልኝን አውቃለሁ፤ እናንተም ትሰሙታላችሁ።

«ምሳሌ ምሳሌ ነው፤ ምን ያጨቃጭቃል?» ይላሉ። ምሳሌ ከሆነ እንደ ምሳሌ ይነገር። ጌታችን ስለ ዘርና ስለ መሬት፣ ስለ እርሾና ስለ መረብ ሲናገር ሰሚዎቹ ገበሬዎች፣ እንጀራ ጋጋሪዎችና ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ዘሩ በጭንጫ ላይ እንዲያ ባይሆን ኖሮ ከሕዝቡ መካከል አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ «ኧረ እንዲህ አይደለም» ማለት ይችል ነበር። ማንም አላለም፤ ምክንያቱም ነገሩ እንዲያ ነበር። እኛ ግን ሰሚው ሊመረምረው የማይችለውን ነገር እንመርጥና፣ መርምሮ የመጣውን ሰሚ ደግሞ ዝም እናሰኛለን።

«ሳይንስ ዛሬ ያለውን ነገ ይሽራል» የሚሉም አሉ። ይህን የሚሉት ሰዎች ዜናው ሲመቻቸው ለመጥቀስ የሚቀድማቸው የለም። የማይታመን ከሆነ ሲመቸንም አንጥቀሰው! ደግሞም በደረቁ ሸለቆ ነገሩ የተለወጠው በስሜት አይደለም። አንድ ሰው ሊያይ ሄዶ ሞተ፤ ሚስቱ ድንጋዩን አልጣለችም፤ ሌላው ሰበረው። መታረም ማለት ይህን ያህል ዋጋ የሚከፈልበት ነገር ነው። እኛ ቤት ግን ከመድረክ የተነገረ ነገር በመድረክ ሲታረም ያየሁት ስንት ጊዜ ነው? እስቲ እናንተ ቁጠሩልኝ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጣኝ ግን ሦስተኛው ነው፦ «የወጣቶች እምነት ይናወጣል።» እኔም ያን ቀን የተደገፍኩት በዚሁ ነበር። ግን ያችን ልጅ ያናወጣት ምንድን ነው? አርኬያዎቹ? ወረቀቱን ቀድማ አንብባው፣ እምነቷን ይዛ፣ ቅዳሜ ከሰዓትዋን ለእኛ ሰጥታ ነበር የመጣችው። ያናወጣት የእኔ መልስ ነው። እውነትን ይዛ ስትመጣ «ለጠላት በር አትክፈቺ» ስላት፣ በእኛ ቤት እውነትና ጠላት በአንድ በር እንደሚገቡ ነገርኳት ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዋ ስትሳሳት መምህሯ ያርማታል፤ መምህሯ ሲሳሳትም ማሳየት ይፈቀድላታል። በቤተ ክርስቲያኗ ግን ያልተፈቀደላት ሆነ። ስለ ሐሰት ምስክር የተሰጠውን ትእዛዝ ሁላችን በቃላችን እናውቀዋለን፤ ስለ ጎረቤት ብቻ የተነገረ እንጂ ስለ ኩሬና ስለ ድንጋይ አይመስለንም። ያልተመረመረ ነገር በእግዚአብሔር ስም ሲነገር ግን በጎረቤትም በእግዚአብሔርም ላይ ነው የሚመሰከረው።

እናንተም አታመልጡም። በዚያ አዳራሽ ሳይንስ የምትማሩ ከአምስት አታንሱም ነበር። ፋርማሲ፣ ጂኦሎጂ፣ ኬሚስትሪ። ዜናው እንዳልተጣራ ጠርጥራችሁ ዝም ያላችሁ፣ አንዳንዳችሁም አሜን ያላችሁ ነበራችሁ። ልጅቷ ብቻዋን ነው የመጣችው። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ከጎኗ ቢቆም እኔ ያን ስልክ ባላየሁት ይሆን? አከብረው የነበረ አስተማሪን ማረም ይከብዳል፤ እኔም ተማሪ ሆኜ አልሞከርኩትም። ግን «መምህር፣ የትኛው ኩሬ ነው?» ብሎ መጠየቅ አመፅ አይደለም። የትኛው ኩሬ፣ ማን አየው፣ ያላየውስ የት ነው፤ ይህን ያህል ጥያቄ መቋቋም ያልቻለ ትምህርት ከመድረክ ቢቀር ማንም አይጎዳም።

ለኅብረት መሪዎች አንድ የምጠይቀው ነገር አለ፤ ቀላል ነው፤ ግን እንደማትወዱት አውቃለሁ። በመድረክ የተሳሳተ በመድረክ ይታረም። በጓዳ «ይቅርታ» ማለት ለሰውዬው ይበቃል፤ አሜን ላለው አዳራሽ ግን አይበቃም። ለእርሱም አምስት ደቂቃ ስጡት፤ ከማስታወቂያው ቀንሱ።

ባለፈው ዓመት ልጅቷን ስልክ ደውዬ አገኘኋት። አሁን በሌላ ከተማ በአንድ ላቦራቶሪ ትሠራለች። የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን አላት፤ የእኛ ግን አይደለም። ይቅርታ ጠየቅኳት። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን እንዳልረሳች ይናገር ነበር። ቀጥላ «ፖስቱ አሁንም አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አፍሬበት እንዳጠፋሁት ነገርኳት፤ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ጥቂት ዝም አለችና «ባይጠፋ ጥሩ ነበር። ማረሚያው ከሥሩ ቢጻፍ ያዩት ሰዎች ያገኙት ነበር» አለች።

አጥፍቼው ስለነበር የምጽፍበት ቦታ አጣሁ። ስለዚህ ለዚህ መጽሔት ላክሁት።